የጥንቸሏ ቅድስት በሳቢያን ቤቴ

ጥንቸል ስዬ አላውቅም ነበር። ዘንዶ በጦር ሲወጋ ስያለሁ፤ ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለባጃጅ ጀርባ ንስር፣ ለፀጉር ቤት ደግሞ ፀጉሯ ከፊቷ የሚበልጥ ሴት ስያለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአባቴ ነው የተማርኩት፤ ወንድሜ ብሩሽ ሲያይ ሲሸሽ እኔ አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቀለም እበጠብጥ ነበርና ሙያው እኔ ላይ ቀረ። እና በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ፈረንጅ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ «አንዲት ቅድስት ሳዪልኝ፤ ከቀሚሷ ጫፍ ስር ጥንቸል አንገቷን ታውጣ» አለችኝ። ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጥቶ ይሆናል ብዬ መጀመሪያ ውሃ ሰጠኋት።

ፈረንጇ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ የተሰፋውን ልብስ ጥራት ታያለች። አማርኛውን ከፋብሪካው ሴቶች ስለለመደችው «አቦ» ሳትል ዓረፍተ ነገር አትጨርስም። ለጎረቤቴ «እንግሊዛዊት ናት» ብዬ ሳስተዋውቃት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «አቦ፣ ዌልስ ነኝ! እንግሊዝ ሌላ፣ ዌልስ ሌላ!» አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር «ድሬዳዋ» ስል «አሃ፣ ሐረር» የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ንዴቷ ወዲያው ገባኝ። ይቅርታ ጠየቅኳትና ወዳጆች ሆንን።

ቅድስቲቱ የአገሯ የዱሮ ሰው ናት። ስሟን ልታስጠናኝ ብዙ ደከመች፤ መጨረሻው ላይ ምላስን ጥርስ ላይ ለጥፎ በጎን አየር የሚወጣበት ድምፅ አለ፤ እኔ ስሞክረው ምራቄ ሸራው ላይ ተረጨ። ስለዚህ «የጥንቸሏ ቅድስት» አልኳት፤ በዚያው ጸና። ታሪኳ ይሄ ነው፦ አየርላንድ ውስጥ የንጉሥ ልጅ ነበረች። አባቷ ለአንድ ትልቅ ሰው ሊድራት ቃል ገባ። እሷ አልፈልግም ብላ ባሕር ተሻግራ ዌልስ ገባች፤ ሰው በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ እየጸለየች ብዙ ዓመት ኖረች። አንድ ቀን የዚያ አገር ልዑል ጥንቸል በውሻ እያሳደደ መጣ። ጥንቸሏ ሮጣ ሮጣ የቅድስቲቱ ቀሚስ ስር ገባች። ልዑሉ «ያዝ! ያዝ!» ቢል ውሾቹ እያላዘኑ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ጥሩንባ ነፊውም ጥሩንባው ከንፈሩ ላይ ተጣብቆበት ቀረ። ልዑሉ ደነገጠ፤ ማን እንደሆነች ጠየቃት፤ ከዚያ ሸለቆውን በሙሉ ሰጣት። ሰውም ይሁን አውሬ ሸሽቶ እዚያ ከገባ ማንም አይነካውም ተባለ። ፈረንጇ እንደነገረችኝ በዚያ ሸለቆ ጥንቸል ማደን ነውር ነበር።

ታሪኩን ወደድኩት። ጥንቸሏ ናት ያቃጠለችኝ። ጆሮዋን ሳረዝም አህያ፣ ሳሳጥር አይጥ ትሆናለች። ፈረንጇ በስልኳ የጥንቸል ፎቶ ትልክልኛለች፤ ልከፍተው ስል ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ቀለሙ በሙቀቱ ደርቆ እንደ ጭቃ ይሰነጠቃል። ደግሞ ጥንቸል በእኛ ዘንድ አትበላም፤ ርኩስ ናት ሲባል ነው ያደግነው። አባቴ ቢያይ ብሩሹን ከእጄ ነጥቆ ግቢው ውስጥ በወረወረው ነበር። «አቦ ተዪኝ፣ በግ ላድርግልሽ» ብዬ ለመንኳት። «በግ በውሻ ማን ያድናል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እሱም አናደደኝ።

እንዲህ ከጥንቸል ጋር ስታገል ነው የወንድሜ ልጅ በሩን ገፍታ የገባችው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከባድ ዝናብ ጥሎ ከላይ እስከ ታች በስብሳለች፤ አንድ ቦርሳ ይዛለች። እሷም ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው፣ ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው፣ እንደሷ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ዘመዶቻችን ውስጥ የለም። ቦርሳዋን አስቀምጣ «አክስቴ፣ አልፈልገውም» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ማንን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር በያጅ ነበር። ከቅርብ ባልደረባው ጋር አብረው በልተው፣ አብረው ታመው፣ አብረው ጡረታ ወጥተዋል። ልጄን ለልጅህ ብሎ ቃል የገባለት ልጅቱ ገና ጡት ሳትጥል ነው አሉ፤ እኛ ሁላችንም ቀልድ ይመስለን ነበር። የባልደረባው ልጅ አሁን ጅቡቲ ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም። እሷም ራሷ «ክፉ አይደለም አክስቴ፤ እኔ ነኝ የማልፈልገው» ነው ያለችኝ። ይሄን ለአባቷ ነግራው «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሰው ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?» ብሏታል። እሱ መልስ ነው? በማግስቱ ጠዋት ደወልኩለትና «እኔ ጋ ናት፤ አትፈልጋት» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጎረቤቴ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፤ «አባዮ» ትለኛለች፣ እህቴ እንደማለት። ልጅቱ የሷን ሰፊ የሶማሌ ቀሚስ፣ ድርያዋን፣ ለብሳ ግቢ ውስጥ ስትንጎራደድ አይታ ነገሩን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በዚያው አፌ የቅድስቲቱንም ታሪክ አያያዝኩት። ከት ብላ ሳቀች። «ይሄን ለመስማት ዌልስ ድረስ ምን አስኬደሽ? ማገን ነው እኮ!» አለችኝ። በእነሱ ወግ ከሚያሳድደው ሸሽቶ ቤትሽ የገባ ሰው ማገን ይባላል፤ አሳልፈሽ ከሰጠሽው የሚዋረደው እሱ አይደለም፣ አንቺ ነሽ። «አባዮ፣ ወላሂ ከሰጠሻት ሰላምታሽን አልቀበልም» ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ። እኔም «ሬሳዬን ተራምዶ ይውሰዳት» አልኩ። ስናገረው ደስ ብሎኝ ነበር።

ወንድሜ ግን ሬሳ የሚያስፈልገው ዓይነት አመጣጥ አልመጣም። ቢጮህ፣ ቢሳደብ መልስ ነበረኝ። በየቀኑ ከቀትር በኋላ፣ ድሬ በሙሉ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በባጃጅ ይመጣና ግቢዬ ካለው የኒም ዛፍ ስር በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ልጅቱ ገና ድምፁን ስትሰማ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እሱ «ጥሪልኝ» ይላል። እኔ «አትመጣም» እላለሁ። ከዚያ ዝም ብሎ ቀለም ስቀባ ያየኛል። አንድ ጊዜ በጓዳው በኩል ሳህን ወድቆ ተሰበረ፤ ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ምሽት ላይ ሄደ። በማግስቱ መጣ። የሚያደርገው አጥቶ ይሆን ወይስ አንገቴ ላይ ሊቆም፣ አላውቅም፤ እጄ ተሳሰረ፣ መስመር ማስመር አቃተኝ። ዝናብ ጥሎ ደቻቱ ሞልቶ መንገድ በተዘጋበት ቀን ብቻ ነው እፎይ ያልኩት።

ይሄን ሁሉ የምታየው ጎረቤቴ «ታሪኩን ንገሪው፣ ያፍር ይሆናል» አለችኝ። አንድ ቀን ነገርኩት። ምኑንም አላስቀረሁም፤ ውሾቹ እንዴት እንዳላዘኑ፣ ጥሩንባው ከንፈር ላይ እንዴት እንደተጣበቀ፣ ልዑሉ እንዴት እንደደነገጠ። ወንድሜ ሃይማኖተኛ ነው፤ ቀስ እያለ እንባው መጣ። «እንዴት ያለች ቅድስት ናት! ረድኤቷ አይለየን» አለ። አማተበ። ጥንቸሏን እንኳ ይቅር አላት። ገባው፣ በቃ ገባው አልኩ። ከዚያ እንባውን በእጁ ጠራረገና «በይ አሁን ጥሪያት» አለኝ።

ኧረ የሰው ያለህ! ብሩሹን ወርውሬ ቤት ገባሁ። ምን ዓይነት ጆሮ ነው? ዌልስ ላለችው፣ ከሞተች ስንት ዘመን ለሆናት ያለቅሳል፤ እዚህ በር ጀርባ ቆማ የምትተነፍሰውን ግን አይሰማም። ፈረንጇ በበኩሏ አገሯ የምትመለስበት ቀን ደርሶ «ልዑሉ የታለ? ልዑሉ ፊት የለውም!» እያለች ትወተውተኛለች። ልክ ናት፤ ልዑሉን ትቼው ነበር። በእኛ ሙያ ጻድቅ የሆነ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛ የለም። ይሄ ልዑል ደግሞ ሲመጣ ክፉ ነው፣ ሲሄድ ደግ ነው። አባቴ ይሄን ዓይነት ሰው አላሳየኝም፤ ስለዚህ ከአንገቱ በላይ ነጭ አድርጌ ትቼው ነበር። ያን ቀን ግን በንዴቴ ተመልሼ ወጣሁና አንድ ዓይን ሰጠሁት። በጎን አዞርኩት። ሪዝ አደረግኩለት፤ የወንድሜን ሪዝ። ጉንጩ ላይ የብየዳ እሳት የጣለችበትን ጠባሳ ጨመርኩ። አንጀቴ ራሰ።

በማግስቱ ወንድሜ ብቻውን አልመጣም፤ ሽማግሌ ይዞ መጣ። አንዱ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሌላው ሐጂ ናቸው፤ ከወንድሜ ጋር ምድር ባቡር የሠሩ፣ እኔን በልጅነቴ አዝለው የዞሩ ኦሮሞ አዛውንት። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ አውቃለሁ፤ የገዛ ልጁን ከእህቱ ቤት ለማስወጣት ሽማግሌ የላከ ግን ወንድሜ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ጥላ ያለው ከኒሙ ስር ብቻ ስለሆነ እዚያው አስቀመጥኳቸው። ሸራው ግድግዳ ተደግፎ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ላነሳው ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ሰበብ የማደርግ መስሎ እንዳይታይብኝ ተውኩት።

የዕድሩ ዳኛ ንግግር ጀመሩ። የቤተሰብ ገመና፣ የአባት ክብር፣ የሰው አፍ፤ አንዱንም አላስቀሩም። እኔ እየተቃጠልኩ አዳመጥኩ። ሲጨርሱ «አባቶቼ፣ መልሴ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው» አልኩና ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስለ ልዑሉ ስደርስ ድምፄ ከፍ አለ። ሐጂ «ማሻአላህ» አሉ። ማገን ማለት ይሄ ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእሳቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ቀጥለው ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሸራውን አዩና «ለምንድን ነው ይሄ ሰውዬ አንድ ዓይን ብቻ ያለው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩና ሳቃቸው አመለጣቸው፤ «አንተ! ይሄ እኮ አንተ ነህ!»

የዕድሩ ዳኛ ደነገጡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ልቤ ደግሞ ይበለው፣ ይየው ይላል። ወንድሜ ከበርጩማው ተነሳ። ሸራው አጠገብ ሄዶ ጎንበስ አለ። ጠባሳውን በጣቱ ሳይነካ ተከትሎ አየው። ይቀደዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቀደው እንኳ አልከለክለውም ነበር።

«ይሄ ሰውዬ እኔ አይደለሁም» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ይሄ መንገደኛ ነው። ለጥንቸል ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኛት ነው፤ ከዚያ በፊት አያውቃትም። አባቷንስ የት ሳልሽው?»

«አባቷ እዚህ የለም» አልኩ። «ባሕር ማዶ ነው የቀረው።»

«ቀረና?»

«ቀረና… እሱን ታሪኩ አይልም።»

«እንዴት አይልም? ጠይቂያት ፈረንጇን።»

አቦ፣ በዚያ ሰዓት! ግን ሦስቱም እያዩኝ ነው። ደወልኩ፤ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረግኩት። ፋብሪካው ውስጥ የስፌት መኪናው ይጮሃል። አባትየው በኋላ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳት። «አቦ፣ እኔ እንጃ። ማንም አይናገርም። ስለ አባቷ የሰማሁት ሊድራት እንደነበረ ብቻ ነው» አለች። አመስግኜ ዘጋሁት።

ወንድሜ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በርጩማውን ሳያይ ነው የተቀመጠው፣ ሐጂ ክንዱን ያዙት። «እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዘመን ቅድስቲቱን ሲያከብሩ አንድ ሰው እንኳ አባትየው ምን ሆነ አላለም» አለ። «ጠዋት ተነሳ፣ ልጁ የለችም። ባሕር ወሰዳት? አውሬ በላት? ለማን ይጮሃል? እኔም ልጄ የወጣች ቀን ደቻቱን ከላይ እስከ ታች ሄጃለሁ። ዝናብ ነበር። ጎርፉ ሰው ወስዷል ሲሉ ሰምቼ ነው። ጎርፉ ያመጣውን ጨርቅ ሁሉ በእንጨት እያገላበጥኩ አየሁ፤ የሷ ቀሚስ ይሆን እያልኩ። ጠዋት ይቺ ደወለችልኝ። ጆሮዬ ላይ ዘጋችው፤ ትዝጋው! ግድ የለኝም አልኩ፤ አለች፣ በሕይወት አለች።»

ይሄን አልነገረኝም ነበር። ስንት ቀን እዚያ ዛፍ ስር ተቀምጦ ሲያየኝ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፤ አፍ የለህም ወይ ሰውዬ? «ጥሪያት» ከምትል «ፈራሁ» ብትል ምን ነበረበት? እኔስ ብሆን፣ ቁጭ ብዬ ሪዝ ስስል!

የጓዳው በር ተከፈተ። ልጅቱ ወጣች። በገዛ እግሯ ነው፣ ማንም አልጠራትም፤ የጎረቤቴን ድርያ ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብላ ሰላም አለች። እኔ ልትሄድ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ በልቤ አይሆንም፣ አትሂጂ፣ አሁን ከሄድሽ ይሄ ሁሉ በከንቱ ነው እላለሁ። አባቷ ፊት ቆመች። ከቤቱ ከወጣች ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

«አባዬ» አለችው፤ «እኔ ባሕር አልተሻገርኩም። ሳቢያን ነው ያለሁት። የት እንዳለሁ ታውቃለህ።»

ቀና ብሎ አያት።

«አውቃለሁ» አለ።

«አልፈልገውም አባዬ።»

ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ ሸበጡን በእግሩ ፈለገ፤ አንዱ ከበርጩማው ስር ገብቶ ኖሮ ልጅቱ በርከክ ብላ አወጣችለት። ተጫማና ተነሳ። ለሽማግሌዎቹ «እንሂድ» አላቸው።

የዕድሩ ዳኛ ግራ ገባቸው። እጃቸውን ዘርግተው «ባልደረባህና ቤተሰቡ እኮ ምላሽ እየጠበቁ ነው፤ ምን ብለን እንግባ?» አሉ።

«ልጄ እምቢ ብላለች በሏቸው» አለ ወንድሜ።